ላሜራ፣ መዶሻና የሰው ክርን፦ የመካከለኛውን ዘመን ጥሩር በእጅ ስለ መሥራት

ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ ገለጻ ቅጂ ነው።



የዛሬው ርእሴ ከማስተምረው የቁሳቁስ ምሕንድስና ጋር ይዛመዳል እንጂ የመደበኛ ሥራዬ አካል አይደለም። ለብዙ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በጓሮዬ ባለች አነስተኛ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የማከናውነው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የአውሮፓ ተዋጊዎች ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይለብሱት የነበረውን የብረት ልብስ በእጄ እሠራለሁ። ስም መፈለግ አላስቸገረኝም። መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ያነበበ ሁሉ ጎልያድ ምን ለብሶ ወደ ሜዳ እንደ ወጣ ያስታውሳልና፣ ለደረቱ ጥሩር፣ ለራሱ ቁር የሚሉ ቃላት አሉን። እንግዲህ ከቀለበት የተያያዘውን የቀለበት ጥሩር፣ ከዝርግ ብረት የተቀጠቀጠውን ደግሞ የላሜራ ጥሩር እያልሁ እጠራለሁ።

ጥሩር ለባሹን የሚያድነው ብረቱ የት መወፈር፣ የት መሳሳት፣ የት መታጠፍ እንዳለበት የሚያውቅ እጅ ሲሠራው ነው። ይህን ለማሳየት አስቀድሜ አንድ ተረት ከመንገዳችን ላንሣ። በ1944 እ.ኤ.አ. ሎረንስ ኦሊቪየር በሠራው የ«ሄንሪ አምስተኛ» ፊልም ውስጥ ጥሩር የለበሰ ባላባት በገመድ ተስቦ ፈረሱ ላይ ሲቀመጥ ይታያል። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ሐሰት ግን ነው። ለጦር ሜዳ የሚሆን ሙሉ የላሜራ ጥሩር አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከዚያ በእጅጉ የሚከብደው ለፈረስ ግጥሚያ ጨዋታ ብቻ የሚለበሰው ነበር፤ ተጫዋቹም ብዙ እንዲንቀሳቀስ አይጠበቅበትም።

ይህ ማለት ግን ጥሩር አያደክምም ማለት አይደለም። የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ልምድ ያላቸውን ለባሾች በመሮጫ መሣሪያ ላይ አስኪዶ ነበር። ጥሩር ለብሶ መራመድ ሳይለብሱ ከመራመድ ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት እንደሚፈጅ ተገኘ። ምክንያቱ ለምሕንድስና ተማሪ ግልጽ ነው። በጀርባ የተሸከምነው ጭነት ከእኛ ጋር ይጓዛል፤ በእግር ላይ የታሰረ ብረት ግን በያንዳንዱ እርምጃ ይወዛወዛል፣ ይቆማል፣ እንደገናም ይወዛወዛል። ስለዚህ ሠሪው ከጭን ሰሌዳ ላይ የቀነሰው እያንዳንዱ ግራም ከደረት ላይ ከሚቀነሰው ይልቅ ለባሹን ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ቀለበት ጥሩር እንለፍ፤ በዚህ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ትዕግሥትን የሚፈትን እርሱ ነውና። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቀለበት በአራት ጎረቤቶቹ ውስጥ ያልፋል። የሽቦውን ጫፎች አገናኝቶ ብቻ መተው ይቻላል፤ ለመድረክ ተውኔት ይበቃል። ነገር ግን የጦር ጫፍ ሲገባበት እንዲህ ያለው ቀለበት ተበርግዶ ይከፈታል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ጫፎቹን አደራርበው በመዶሻ ያሳሱና፣ በስተው፣ በገበያ ሪቬት የምንለውን ጥቃቅን ሚስማር አስገብተው ራሱን ይደበድቡት ነበር።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት ከ1.2 ሚሊ ሜትር ሽቦ ብንሠራ፣ ለመደራረቢያው ጭምር 33 ሚሊ ሜትር ያህል ሽቦ ይፈጃል። እጅጌው እስከ ክርን፣ ግርጌው እስከ ጭን ለሚደርስ ጥሩር 25,000 ቀለበት እንውሰድ። 825 ሜትር ሽቦ፣ በክብደትም ከ7 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ብረት ይሆናል። ብረቱ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ጊዜው ነው። አንዱን ቀለበት መጠምዘዝ፣ መቁረጥ፣ ማሳሳት፣ መብሳት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ማያያዝና መዝጋት በ2 ደቂቃ ቢያልቅ፣ ሁሉም 50,000 ደቂቃ፣ ማለትም ከ830 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ100 የሥራ ቀን በላይ ነው። በዚህ ላይ ሽቦው ራሱ በእጅ የተሳበ መሆኑን አንርሳ፤ ብረቱ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ውስጥ እየተጎተተ ይቀጥን ነበር። በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ያለውን ጥሩር ስናይ የአንድ ሰው አንድ ወቅት ሙሉ ተንጠልጥሎ እያየን ነው።

የቀለበት ጥሩር ስለትን ይከለክላል፤ ዱላን ግን አይከለክልም። እንደ ሹራብ ስለሚተጣጠፍ ምቱ በቀጥታ አጥንት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከሥሩ ጥጥ ወይም የበፍታ ድርብርብ የታጨቀበት ወፍራም ልብስ ይለበሳል። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ስለ ብረቱ ይጠይቁኛል እንጂ ስለዚህ ልብስ አይጠይቁኝም፤ እኔ ግን ግማሹ ጥበቃ እርሱ ዘንድ ነው እላለሁ።

የላሜራ ጥሩር ከዚህ ጉድለት ተወለደ። ለጀማሪ የምመክረውም ሞዴል ከአንድ አሳዛኝ ቦታ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1361 በጎትላንድ ደሴት፣ በቪስቢ ከተማ ቅጥር አጠገብ፣ የደሴቲቱ ገበሬዎች ከዴንማርክ ንጉሥ ከቫልደማር 4ኛ ሠራዊት ጋር ተዋግተው አለቁ። የተገደሉት በጅምላ ተቀበሩ፤ ብዙዎቹም ከነጥሩራቸው። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ መቃብሩ ሲቆፈር ከቆዳ ወይም ከጨርቅ ሥር በሪቬት የተያያዙ የብረት ሰሌዳዎች ተገኙ። በቤተ መዘክር የሚቀመጠው አብዛኛው ጥሩር የመሳፍንት ነው፤ የቪስቢው ግን ተራ ሰው በእጁ ባገኘው ነገር ራሱን እንዴት እንደ ሸፈነ ያሳያል። አጥንቶቹ ደግሞ የቀረውን ይናገራሉ፤ በቅልጥም ላይ ያረፉት የስለት ምልክቶች በርካታ ናቸው። ጥሩሩ የደረሰው ደረት ላይ ሲሆን፣ ሰይፉ ያገኘው እግርን ነበር።

የቪስቢው ዓይነት ጥሩር ሰሌዳዎቹ ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ የጎበጡ ስለሆኑ መቀስ፣ ትራፓኖ፣ መዶሻና ሪቬት ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል። ቁርና የክርን መሸፈኛ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ዝርግ ላሜራን ወደ ጎድጓዳ ቅርጽ የምናመጣባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ላሜራውን በተቦረቦረ ግንድ ላይ አድርጎ ከውስጥ በኩል መሐሉን መደብደብ ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ይለጠጣል፣ መሐሉም ይሳሳል። ቁር ሲሆን መሐሉ የት ነው? አናት ላይ። መጥረቢያ የሚያርፈውስ? እዚያው። ማለትም ፈጣኑ መንገድ ብረቱን የሚያሳሳው እጅግ በሚያስፈልግበት ስፍራ ነው። ሁለተኛው መንገድ ላሜራውን በክብ መስፍ ላይ አድርጎ ከውጭ በኩል፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ በዙሪያ እየደበደቡ ጠርዙን መሰብሰብ ነው። ብረቱ ወደ ራሱ ስለሚጨመቅ መሐሉ ውፍረቱን ይጠብቃል፣ ጎኑም ሊወፍር ይችላል። ይህ ዘዴ ቀናት ይወስዳል። ብረቱ በተደበደበ ቁጥር ስለሚደርቅ፣ እንዳይሰነጠቅ በየጊዜው እስኪቀላ ማጋልና በዝግታ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የጥንት ቁሮች ሲለኩ ግንባርና አናታቸው ወፍሮ፣ ጎናቸው ሳስቶ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ድካም ነው።

ክርን ከቁርም ይብሳል። ክንዳችንን ስናጥፍ የውጪው ቆዳ ይረዝማል፣ የውስጡ ይሰበሰባል። ብረት ይህን ማድረግ ስለማይችል ሠሪው ጎድጓዳውን መሸፈኛ ከላይና ከታች በጠባብ ሰሌዳዎች ያጅበዋል፤ ሰሌዳዎቹም እንደ አርማዲሎ ጀርባ አንዱ በሌላው ሥር ይንሸራተታሉ። የሚሽከረከሩባቸው ሪቬቶች ከሰውየው የክርን አጥንት መዞሪያ ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው። አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢርቁ ክንዱ በግማሽ ይቆማል ወይም ቆዳ ይነክሳል። ስለዚህ ከላሜራ በፊት ካርቶን እንቆርጣለን፣ ካርቶኑን ክንድ ላይ አስረን እናጥፋለን፣ እንቆርጣለን፣ እንደገና እናስራለን። ኮምፒዩተር ላይ የተሳለ ክርን አይቆስልም፤ በዚህ ምክንያት ለምረቃ ሥራቸው መገጣጠሚያ የሚነድፉ ተማሪዎቼን በመጀመሪያ ካርቶንና መቀስ አስይዛቸዋለሁ።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ የሙቀት ጥያቄ ይመጣል። ካርቦን ያለውን ብረት አግሎ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ያጠነክረዋል፤ ከልክ ካለፈ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ስለዚህ በመጠኑ መልሶ ማሞቅ ያሻል። አለን ዊሊያምስ «ዘ ናይት ኤንድ ዘ ብላስት ፈርነስ» በተባለው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ትልቅ ሥራ በርካታ ጥሩሮችን በማይክሮስኮፕ መርምረዋል። እንደ እርሳቸው ግኝት፣ የጣሊያን ሠሪዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብረታቸውን ያጠነክሩ ነበር፤ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ግን በወርቅ የተለበጠ ጥሩር ፋሽን ሲሆን ይህን ተዉት። ወርቁን በእሳት ለማጣበቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ጥንካሬውን ያጠፋዋልና። ደንበኛው ከሕይወቱ ይልቅ ብልጭታውን መረጠ ማለት ነው። የኢንስብሩክና የአውግስቡርግ ሠሪዎች ግን ጠንካራውን ብረት ይዘው ቀጠሉ።

እነዚህን ሰዎች በስም እናውቃቸዋለን። የሚላኖዎቹ ሚሳሊያዎች፣ የአውግስቡርጎቹ ሄልምሽሚዶች፣ የኢንስብሩኩ ኮንራድ ዞይዘንሆፈር። ብረቱ ላይ ምልክታቸውን ይመቱ ነበር፤ ከተማውም ጥራቱን አይቶ የራሱን ማኅተም ያክልበታል፤ የአውግስቡርግ የጥድ ፍሬ ነበር። ይህን ስናገር ወደ ቤታችን መመለሴ ግድ ነው። አንድ ባልደረባዬ በጓሮዬ መዶሻ ይዤ ሲያገኘኝ «ዶክተር፣ ደግሞ ቀጥቃጭ ሆንህ?» አለኝ። ቀልድ ነበር። ቀልዱ የሚያስቀው ግን ቃሉ ስድብ ስለሆነ ነው። ማረሻውን የሠራልንን ሰው ቡዳ ብለን፣ ከገበታችን አርቀን፣ ልጃችንን ነፍገን ኖረናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እስከ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደርሷል። እኔ ብረት ሲቀላ በየትኛው ቀለም ከእሳት ማውጣት እንዳለብኝ በዐይኔ የተማርሁት ስሙን በየትኛውም ሥራው ላይ ካልመታ አንድ አረጋዊ ባለ ወናፍ ነው። የሙቀት መለኪያ የለውም። እኔ መለኪያውን ይዤ ሄድሁ፤ ያወጣበት ቅጽበት ከመጽሐፌ ሰንጠረዥ ጋር ይገጥም ነበር።

መጀመር ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልጨምር። ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ላሜራ ይበቃል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ለመስፍ የሚሆን ወፍራም ብረት ፈልጉ። የጣሪያ ቆርቆሮና ዚንክ የተቀባ ሽቦ ግን በምንም ምክንያት እሳት ውስጥ አታስገቡ። ከዚንኩ የሚወጣው ጢስ ሲተነፈስ ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያስከትላል። ጆሯችሁን ሸፍኑ፤ ላሜራ የሚደበድብ ሰው የመስማት ችሎታው ሳያስታውቀው ይሄዳል። ጠርዝ ሁሉ ይሞረድ፤ ያልተሞረደ ላሜራ ምላጭ ነው።

ከመድረኩ በፊት አንድ ተማሪ ጥሩር ጥይት ይችላል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ችሏል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠሪዎች የደረት ሰሌዳውን በጠመንጃ ተኩሰው የቀረውን ስርጉድ ለገዢው እንደ ማረጋገጫ ያሳዩ ነበር። ጠመንጃው በበረታ ቁጥር ሰሌዳው ወፈረ፤ ሰሌዳው በወፈረ ቁጥር ወታደሩ ሌላውን መጣል ጀመረ፤ በመጀመሪያ የቅልጥሙን፣ ቀጥሎ የጭኑን፣ ከዚያም የክንዱን። በመጨረሻ የቀረው ደረትና ራስ ብቻ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የቀለበት ጥሩር ቁራጭ፣ አንድ የክርን መሸፈኛና ሁለት የብረት ጓንቶች አሉ። ቀርባችሁ አንሡአቸው፣ እጃችሁን አስገብታችሁ ጣቶቻችሁን እጠፉ። የግራው ጓንት አውራ ጣት ገና ስላልተሞረደ በእርሱ በኩል ተጠንቀቁ።