ከፕላዝማ ዝቃጭ የተገኘ መድኃኒት፦ የጁዲት ፑል ምርምርና የሄሞፊሊያ ሕክምና

ሄሞፊሊያ ደም ከፈሰሰ በኋላ በወቅቱ እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር የደም ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነቱ ሄሞፊሊያ ኤ ሲሆን፣ ከሚወለዱ 5,000 ወንዶች በግምት አንዱን ይይዛል፤ ሄሞፊሊያ ቢ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ጥቂቶችን ብቻ የሚነካ ሕመም መድኃኒት የሚያገኘው በረቀቀ ቴክኖሎጂና በትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ እንደሆነ ቢታሰብም፣ የሄሞፊሊያ ሕሙማንን ኑሮ ከለወጡት ግኝቶች አንዱ የተገኘው ከተለገሰ ደም፣ ከማቀዝቀዣና ከፕላስቲክ ከረጢት ነው። የግኝቱ ባለቤት አሜሪካዊቷ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ዶክተር ጁዲት ግሬም ፑል ናቸው፤ ሥራቸውም የአንድ መድኃኒት ጥቅም የሚለካው በረቂቅነቱ ብቻ ሳይሆን ለስንት ሕሙማን በመድረሱ ጭምር መሆኑን ያስረዳል።

የደም ሥር ሲቆረጥ በመጀመሪያ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች በቁስሉ ላይ ተሰብስበው ጊዜያዊ መድፈኛ ይሠራሉ። ቀጥሎ ፕላዝማ በሚባለው፣ የደም ሕዋሳት ሲለዩ በሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙ ፋክተር የተባሉ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን በየተራ እያነሣሣ በመጨረሻ ፋይብሪን የሚባለው ክር እንዲፈጠር ያደርጋሉ፤ መድፈኛውን የሚያጠነክረውም ይህ ክር ነው። በሄሞፊሊያ ኤ የሚጎድለው ፋክተር 8፣ በሄሞፊሊያ ቢ ደግሞ ፋክተር 9 ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሌላው ሰው በፈጠነ ሁኔታ አይደማም፤ ችግሩ ደሙ ቶሎ አለማቆሙ ነው። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ትልቁ አደጋ ያለው በቆዳ ላይ በሚደርስ ጭረት ሳይሆን፣ ያለ ከባድ ጉዳት በጉልበት፣ በክርንና በቁርጭምጭሚት ውስጥ እየተደጋገመ መገጣጠሚያን በሚያበላሸው፣ አልፎ አልፎም በአንጎል ውስጥ በሚከሰተው ስውር መድማት ላይ ነው።

ሁለቱን ፋክተሮች የሚያዙት ዘረ-መሎች ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኙ ሕመሙ በአብዛኛው የሚታየው በወንዶች ላይ ነው። ተሸካሚ የሆነች እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን፣ ከሕሙማኑ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ግን በቤተሰባቸው የሕመሙ ታሪክ ሳይኖር በአዲስ የዘረ-መል ለውጥ የሚያዙ ናቸው። የሰው ልጅ ይህን የዘር ፈለግ ያስተዋለው ሳይንሱ ከመወለዱ እጅግ ቀደም ብሎ ሲሆን፣ የአይሁድ መጽሐፍ ታልሙድ ወንድሞቹ በግርዛት ምክንያት የሞቱበት ሕፃን እንዳይገረዝ የሚያዝ ሥርዓት ይዟል። በአውሮፓ ነገሥታት ዘንድ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ተነሥቶ እስከ ሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ የዘለቀው ሕመምም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ የዘረ-መል ምርመራ ሄሞፊሊያ ቢ መሆኑ ተረጋግጧል።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሐኪሞች የነበራቸው ዋነኛ አማራጭ ደም ወይም ፕላዝማ መስጠት ነበር፤ ችግሩ ግን የመጠን ነበር። በአንድ ሚሊ ሊትር ጤናማ ፕላዝማ ውስጥ የሚገኘው ፋክተር 8 አንድ ዩኒት ተብሎ ይቆጠራል። ክብደቱ 50 ኪሎ የሆነና ብርቱ መድማት የገጠመው ሕመምተኛ የፋክተሩ መጠን ወደ 40 በመቶ ከፍ እንዲልለት 1,000 ዩኒት ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህም ቢያንስ አንድ ሊትር ፕላዝማ ማለት ነው። ፋክተር 8 ደግሞ በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ ሕክምናው መደጋገም አለበት፤ ይህን ሁሉ ፈሳሽ የሕመምተኛው፣ በተለይም የሕፃኑ፣ ልብ ሊሸከመው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1919 በኒው ዮርክ የተወለዱት ጁዲት ፑል በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲያጠኑ ትኩረታቸው ደም ሳይሆን ጡንቻ ነበር፤ ከመምህራቸው ራልፍ ጄራርድ ጋር በአንዲት የጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ኃይል በእጅግ ቀጭን ኤሌክትሮድ በመለካት ይታወቃሉ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1946 ካገኙ በኋላ፣ ወደ ደም መርጋት ጥናት የገቡት በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በወቅቱ ፕላዝማ ለሕክምና እንዲቆይ በከባድ ቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ ይቀመጥና ሲፈለግ እንዲቀልጥ ይደረግ ነበር። ፑል በእያንዳንዱ ደረጃ ያለውን የፋክተር 8 መጠን በጥንቃቄ ሲለኩ፣ በረዶው ፕላዝማ በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በዝግታ ሲቀልጥ ሳይሟሟ ከታች የሚቀር ነጣ ያለ ዝቃጭ እንዳለና አብዛኛው ፋክተር 8 የሚገኘውም በዚሁ ዝቃጭ ውስጥ መሆኑን ደረሱበት። ዝቃጩ ክራዮፕሪሲፒቴት የሚባል ሲሆን፣ ስሙም በቅዝቃዜ የተለየ ዝቃጭ እንደማለት ነው። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ።

በተከታዩ ዓመት የቀረበው ሁለተኛው ሥራ ግን ለሕሙማን ከመጀመሪያው ባላነሰ ጠቃሚ ነበር። ፑልና የሥራ ባልደረባቸው ደሙ ከለጋሹ ከተቀዳ ጀምሮ ዝቃጩ እስኪለይ ድረስ ሥራው ሁሉ እርስ በርስ በተያያዙ ዝግ የፕላስቲክ ከረጢቶች ውስጥ የሚከናወንበትን ዘዴ አሳዩ። ፈሳሹ ከአየር ጋር ስለማይገናኝ በጀርም የመበከል ዕድሉ ይቀንሳል፤ ቀይ የደም ሕዋሳቱና የተረፈው ፕላዝማም ለሌሎች ሕሙማን ይውላሉ። የሚያስፈልገው ማንኛውም ደም ባንክ ሊኖረው የሚችል ማቀዝቀዣና ደምን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ መሣሪያ ብቻ ነው። ከአንድ ለጋሽ የሚገኘው ከረጢት በ15 ሚሊ ሊትር ገደማ ውስጥ 80 ዩኒት ያህል ስለሚይዝ፣ ቀድሞ አንድ ሊትር ይጠይቅ የነበረው ሕክምና ከ200 ሚሊ ሊትር ባልበለጠ ፈሳሽ የሚከናወን ሆነ፤ ለሄሞፊሊያ ሕሙማን ቀዶ ሕክምና ማድረግም ከቀድሞው ይልቅ ተቻለ። ፑል የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያገኙት ግን ዘግይተው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላም አረፉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ስኬትም ጥፋትም አለበት። ፋብሪካዎች የብዙ ሺህ ለጋሾችን ፕላዝማ ቀላቅለው በቤት ውስጥ በመርፌ የሚወሰድ የደረቀ ፋክተር ማምረት ቢጀምሩም፣ ከለጋሾቹ የአንዱ ቫይረስ ሙሉውን ምርት ይበክል ስለነበር፣ በአሜሪካ ከነበሩት የሄሞፊሊያ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በኤች አይ ቪ ተያዙ። ቫይረሱን በሙቀት የመግደል ዘዴ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተስፋፋ፤ የፋክተር 8 ዘረ-መል እ.ኤ.አ. በ1984 ተለይቶ በመታወቁም ከሰው ደም ሳይሆን በቤተ ሙከራ ከሚያድጉ ሕዋሳት የሚመረት ፋክተር እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤሚሲዙማብ ደግሞ የጎደለውን ፋክተር 8 ሥራ ተክቶ የሚሠራ ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ ከቆዳ ሥር በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለሄሞፊሊያ ቢ የተፈቀደው የዘረ-መል ሕክምና ጤናማውን ዘረ-መል ወደ ጉበት የሚያስገባ ሆኖ በአንድ ጊዜ ቢጠናቀቅም፣ ሲፈቀድ ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

የፑል ሥራ ዛሬም ያላረጀው በዚህ የዋጋ ውድነት ምክንያት ነው። ክራዮፕሪሲፒቴት ከለጋሽ የሚመጣ ቫይረስን ሙሉ በሙሉ ስለማያስወግድ በፋብሪካ የተመረተው ፋክተር በሚገኝበት ሁሉ ቀዳሚው ምርጫ ፋክተሩ ነው፤ ክራዮፕሪሲፒቴት ለሄሞፊሊያ ቢም አያገለግልም። ሆኖም ውዱ መድኃኒት በማይደርስባቸው አገሮች፣ ደሙ በሚገባ ከተመረመረ፣ ሕይወት ያተርፋል። በኢትዮጵያም ለሕሙማኑ ከሚደርሰው መድኃኒት አንዱ ክፍል የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ከተቋቋመው የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በእርዳታ ነው፤ በእርዳታ ላይ ብቻ የቆመ ሕክምና ደግሞ እርዳታው ሲዘገይ ይቋረጣል።

መድኃኒቱ ቢኖርም ያልታወቀ ሕመም አይታከምም። ከግርዛት በኋላ ደሙ አልቆም ያለ ሕፃን፣ መዳህ ሲጀምር ሰውነቱ በቀላሉ የሚበልዝ ልጅ፣ ያለ ምክንያት ጉልበቱ የሚያብጥ ታዳጊ ወደ ሐኪም ቤት ተወስዶ የደም መርጋት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ያበጠውን መገጣጠሚያ በወጌሻ ማሳሸት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት ማስደረግ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፒሪን መስጠት ለእንዲህ ያለ ልጅ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥሉ ናቸው። ሕመሙ በዘመድ መካከል የታየበት ቤተሰብም ወንድ ልጅ ሲወለድ ከመገረዙ በፊት ማስመርመር፣ ጤናማ የሆነ ሁሉም ደም መለገስ ይኖርበታል።