እግር ኳስ በመላው አፍሪካ ጨዋታዎች፦ የድሉ ባለቤት ማን ነው?

ስፖርት ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ የሚታይ ተራ መዝናኛ አይደለም። ማን እንደሚጫወት፣ ማን እንዳይጫወት እንደሚከለከል፣ ሜዳው ለማን እንደሚሠራ፣ ከጨዋታውም የሚገኘው ጥቅም ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ የሚወስነው ኅብረተሰቡ የቆመበት ሥርዓት ነው። የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የእግር ኳስ ታሪክ ለዚህ እውነት ጥሩ ምስክር ነውና ዛሬ ከመነሻው ጀምረን ልንመረምረው እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

ታሪኩ የሚጀምረው በክልከላ ነው። የዘመናዊው ኦሊምፒክ መሥራች ፒየር ደ ኩበርተን አፍሪካ የራሷ የስፖርት በዓል እንዲኖራት ያቀረበው ሐሳብ በመጀመሪያ በ1925 በአልጀርስ፣ ቀጥሎም በ1929 በግብጽ የወደብ ከተማ በአሌክሳንድሪያ በሥራ ላይ እንዲውል ታቅዶ ነበር። በአሌክሳንድሪያ ስታዲየሙ ተሠርቶ አለቀ፤ ጨዋታው ግን በመጨረሻው ሰዓት ተሰረዘ። ቅኝ ገዢዎቹን ያሰጋቸው አፍሪካውያን በአንድ ሜዳ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው መተዋወቃቸው ነበር። የተዋወቀ ሕዝብ ይመካከራል፤ የተመካከረ ሕዝብ ደግሞ ቀንበሩን መነቅነቅ ይጀምራል። ሜዳው ተዘጋጅቶ ተጫዋቾቹ የተከለከሉበት ያ ስታዲየም የዘመኑ ሥርዓት ትክክለኛ ምስል ነበር።

ክልከላው የተነሣው የነጻነት ትግል ሲፋፋም ነው። በ1960 በታናናሪቭ፣ በ1961 በአቢጃን፣ በ1963 በዳካር የተካሄዱት ውድድሮች በፈረንሳይ ጥላ ሥር የነበሩ አገሮችን በብዛት ያሰባሰቡ እንጂ አህጉሪቱን ያቀፉ አልነበሩም። ሆኖም ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች መንገድ ጠርገዋል። በሐምሌ ወር 1965 ወደ 30 ከሚጠጉ ነጻ አገሮች የተውጣጡ 2500 ያህል ስፖርተኞች በኮንጎ ዋና ከተማ በብራዛቪል ሲሰለፉ፣ ከ36 ዓመት በፊት በአሌክሳንድሪያ የተዘጋው በር በአፍሪካውያን እጅ ተከፈተ።

በዚያ የመጀመሪያ ውድድር ለእግር ኳሱ ፍጻሜ የደረሱት አስተናጋጇ ኮንጎና ማሊ ነበሩ። ጨዋታው ያለ ግብ ተጠናቀቀ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው የመለያ ፍጹም ቅጣት ምት በጨዋታ ሕግ የገባው በ1970 ስለሆነ፣ አሸናፊው የተለየው እያንዳንዱ ቡድን ያገኘው የማዕዘን ምት ተቆጥሮ ነው። በቆጠራውም ኮንጎ የወርቅ ሜዳልያውን ወሰደች። በዚህ አኳኋን የተገኘ ድል ተራ ዕድል ነው ያለ ሰው ቢኖር፣ መልሱን ያገኘው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በ1972 በያውንዴ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሱት እነዚያው ኮንጎና ማሊ ነበሩ፤ ኮንጎም 3 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። በብራዛቪል የተዘራው በያውንዴ ታጨደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ባማኮ ላይ በ1969 እንዲካሄድ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ በማሊ በተደረገው ወታደራዊ የመንግሥት ግልበጣ ምክንያት ሳይሳካ ቀረ። ተራው ለሌጎስ ደርሶ በጥር 1973 ሲካሄድ፣ ናይጄሪያ ጊኒን 2 ለ 0 ረታች። በ1978 በአልጀርስ ደግሞ አልጄሪያ ናይጄሪያን 1 ለ 0 አሸነፈች። እዚህም ያው ሁኔታ ተደገመ። ሁለቱ ቡድኖች በ1980 በሌጎስ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኝተው ናይጄሪያ 3 ለ 0 ድል አደረገች፤ አልጄሪያም ተስፋ ሳትቆርጥ በ1982 በስፔይን የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች። የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የአህጉሪቱ እግር ኳስ ችግኝ ማፍያ ሆኖ ማገልገሉን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ሜዳው ከፖለቲካው ማዕበል የተጠለለ ደሴት አልነበረም። ግብጽና ሊቢያ በ1977 በድንበራቸው ላይ ተዋግተው ነበር። የግብጹ ፕሬዚዳንት ሳዳት በዚያው ዓመት ኢየሩሳሌምን መጎብኘታቸውም የዐረቡን ዓለም ከፋፍሎ ነበር። የዚህ ጠብ እሳት በ1978 አልጀርስ ላይ፣ ሁለቱ አገሮች ባደረጉት የእግር ኳስ ግጥሚያ ተቀጣጠለ። ድብደባ ተነሣ፤ ግብጽም መላ ስፖርተኞቿን ከጨዋታዎቹ አስወጣች። በገዢዎች መካከል የተፈጠረው ቅራኔ በኳስ ተጫዋች ወጣቶች አካል ላይ ተወራረደ።

በሌላ በኩል ግን ፖለቲካ ለስፖርት ክብር የሆነበት ጊዜም አለ። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ የዘረኝነት መንግሥት ነጮችና ጥቁሮች በአንድነት የተሰለፉበት ቡድን አልልክም በማለቱ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተገለለ። ከ1972 እስከ 1987 ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ በዚህ ጉዳይ ላይ አንዲት ስንዝር ወደኋላ ሳይሉ ታግለዋል። በመላው አፍሪካ ጨዋታዎችም ደቡብ አፍሪካ መግባት የቻለችው አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ፣ በ1995 በሐራሬ ነው። በዚያ ውድድር በእግር ኳስ ያሸነፈችው ዚምባብዌን 3 ለ 1 የረታችው ግብጽ ነበረች። በ1999 ደግሞ ራሷ ደቡብ አፍሪካ ጆሐንስበርግ ላይ መላውን አህጉር አስተናገደች።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንመለስ። እስከ 1987ቱ የናይሮቢ ጨዋታ፣ ማለትም ግብጽ ኬንያን 1 ለ 0 እስካሸነፈችበት ጊዜ ድረስ፣ አገሮች ያሰለፉት ዋናውን ብሔራዊ ቡድናቸውን ነበር። በ1991 በካይሮ ግን ውድድሩ ዕድሜያቸው ከ23 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች ተወሰነ፤ በ2019 ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ወደሆኑት ወረደ። አንዳንድ ወገኖች ይህን እንደ ውርደት ይቆጥሩታል፤ ታላላቅ ስሞች የሌሉበት ውድድር ምን ዋጋ አለው ይላሉ።

እኛ በዚህ አስተያየት አንስማማም። ካሜሩን በ1991፣ በ1999፣ በ2003ና በ2007 አራት ጊዜ የወርቅ ሜዳልያ ስትወስድ ያሰለፈችው ወጣቶቿን ነው። ጆሐንስበርግ ላይ ዛምቢያን በፍጹም ቅጣት ምት ባሸነፈች በዓመቱ፣ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ስፔይንን በተመሳሳይ መንገድ ረትታ የወርቅ ሜዳልያ ተቀዳጀች። ወጣቱን ያላቀፈ ውድድር የትናንቱን ዝና ከመቁጠር አያልፍም።

የተሳትፎው መስክ መስፋቱንም ማየት ይገባል። በ2003 በአቡጃ የሴቶች እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨምሮ ናይጄሪያ የወርቅ ሜዳልያውን አገኘች። ከዚያ ወዲህ ካሜሩንና ጋናም በተራቸው ድል አድርገዋል። በመጋቢት 2024 አክራ ላይ ጋና በወንዶች ዩጋንዳን 1 ለ 0፣ በሴቶችም ናይጄሪያን 2 ለ 1 በማሸነፍ ሁለቱንም የወርቅ ሜዳልያዎች ጠቅልላ ወሰደች። ግማሹን የሕዝብ ክፍል ከሜዳው ውጭ አቁሞ ስለ ሕዝባዊ ስፖርት መናገር የማይቻል መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? በእኛ አመለካከት ጉድለቱ የሚገኘው በውድድሩ ዕድሜ ላይ ሳይሆን በፍሬው አያያዝ ላይ ነው። አፍሪካ ቡናዋንና ካካዎዋን ጥሬውን ሸጣ የተፈበረከውን በውድ ዋጋ መልሳ እንደምትገዛ ሁሉ፣ ወጣት ተጫዋቿንም ገና በለጋነቱ ለውጭ ክለቦች አሳልፋ ትሰጥና ጨዋታውን በቴሌቪዥን ከፍላ ታያለች። ለአንድ ጨዋታ በብዙ ወጪ የሚገነባው ታላቅ ስታዲየም በዓሉ ሲያልፍ በሩ ከተቆለፈ፣ በአጠገቡም ያለው የሰፈር ልጅ ኳስ የሚያንከባልልበት ሜዳ ካጣ፣ የ1929ኙ የአሌክሳንድሪያ ታሪክ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው፤ ስታዲየም አለ፣ ተጫዋች የለም።

እንግዲህ በርእሳችን ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የድሉ ባለቤት ሜዳልያ ያጠለቀው ቡድን ብቻ አይደለም፤ ልጁን ከሥራ መልስ ያሠለጠነው ሠራተኛ፣ ማልያ በመዋጮ የገዛው ማኅበር፣ ሜዳውን ከድንጋይ ያጸዳው ሰፈር ሁሉ ነው። ስለዚህ የቀበሌና የሰፈር ማኅበራት አባላት፣ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም በየስብሰባችሁ አንድ ጥያቄ እንድታነሡ እንጠይቃለን፦ በሰፈራችን ለልጆቻችን የቀረ ሜዳ አለን? ካለ በአጥር፣ በቆሻሻ መጣያና በግንባታ ከመዋጡ በፊት አስከብሩት፤ ሴቶች ልጆቻችሁም ተራ እንዲያገኙበት አድርጉ። ከሌለም ቦታ እንዲሰጣችሁ በአንድነት ጠይቁ። የብራዛቪልና የያውንዴ ድል የተጀመረው በእንዲህ ያለ አቧራማ ሜዳ ላይ ነው።