አጠገብ ተቀምጦ የሚጫወት ሙዚቀኛ ለምን ይከበራል?

የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ሰዎች ጋር የሚሠሩ ሙዚቀኞች አንዳንድ ጊዜ ለምስጋና ወደ መድረክ ይጠራሉ። አበባ ይሰጣቸዋል፣ የምስክር ወረቀት ይነበብላቸዋል፣ ይጨበጨብላቸዋል። እኛ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ስለዚህ ስንወያይ አንድ ጥያቄ ተመላልሶ ይመጣብናል፤ የምናከብራቸው ለምንድን ነው? «ደጎች ስለሆኑ» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ይህ መልስ የሙዚቀኞቹን ሥራ አያሳይም፤ አብረዋቸው የሚጫወቱትንም የምጽዋት ተቀባይ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሥራው ምን እንደሆነና እዚህ አሽቀሎን ላሉ ቤተሰቦቻችን ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለሰው መጫወትና ከሰው ጋር መጫወት

አንድ ኦርኬስትራ ወደ እንክብካቤ ተቋም መጥቶ ኮንሰርት አቅርቦ ቢመለስ መልካም ነው። አድማጩ ግን አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የሚለየው መንገድ ሙዚቀኛው የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለው ሰው አጠገብ ወንበሩን አድርጎ አብሮት ሲጫወት ነው። በጣሊያን ሚላን ከተማ የሚገኘው ኤዛግራማ የሚታወቀው በዚህ ነው። በሲምፎኒ ኦርኬስትራው ውስጥ ውስንነት ያለባቸው ተጫዋቾችና ባለሙያ ሙዚቀኞች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የታወቁ የሲምፎኒ ሥራዎችም ለሁሉም እንዲሆኑ እንደገና ይቀናበራሉ።

ይህ ሥራ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው መከፋፈል ነው። አስቸጋሪውን ዜማ ባለሙያው ይይዛል፤ ሌላው በቼሎ ላይ ጣቱን ሳይጭን አንድ ክር ብቻ በቀስት ይስባል፤ ሌላው ደግሞ ከበሮውን በየአራተኛው ምት ይመታል። የሁሉም ድርሻ ቀላል ቢሆንም አንዱ ቢጎድል ሙዚቃው ይጎድላል።

ሁለተኛው የሚገባ ምልክት ማግኘት ነው። ተራውን ኖታ ማንበብ ለብዙዎች ከባድ ነው። በፊንላንድ በ1990ዎቹ ካርሎ ኡሲታሎ የተባለ ሰው ለዚህ መላ አበጀ። በእሱ ዘዴ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቀለም አለው፤ ቅርፁ ደግሞ ድምፁ ወፍራም ይሁን ቀጭን ያመለክታል። ያው ቀለም መሣሪያው ላይ ይለጠፋል፤ ተጫዋቹ ወረቀቱ ላይ ያየውን ቀለም መሣሪያው ላይ ፈልጎ ይጫወታል።

ሦስተኛው መጠበቅ ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው የልዩ ትምህርት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ ከ1959 ጀምረው ከልጆች ጋር ሲሠሩ፣ ኖርዶፍ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ ልጁን ያዳምጥ ነበር። ልጁ ከበሮ ቢመታም፣ ቢጮኽም፣ ቢያለቅስም ከዚያው ተነሥቶ ሙዚቃ ይሠራል። ልጁ ሙዚቃውን እንዲከተል ከመጠየቁ በፊት ሙዚቃው ልጁን ይከተላል። ለዓመታት ለትክክለኛ ምት የሠለጠነ ሙዚቀኛ ይህን ለመማር ብዙ መልፋት አለበት። ክብር የሚገባው ለዚህ ልፋት ነው።

ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም

ወላጆቻችን «ኖታ ያላነበበ ሰው እንዴት ኦርኬስትራ ውስጥ ይገባል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። መልሱ ግን እነሱው ዘንድ አለ። የቤተ እስራኤል ጸሎት ከትውልድ ትውልድ የተላለፈው በጆሮ ነው። ቄሶቻችን በግዕዝ ሲያዜሙ አንዱ ወገን ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ነጋሪቱና ቃጭሉ ምቱን ይይዛሉ። ግዕዝ የማይሰማው ምእመንም የሚቀበልበትን ቦታ ያውቃል። ኖታ ሳይኖር በመስማት፣ በመደጋገምና በመቀባበል ሰው ከጸሎቱ ጋር ይዋሐዳል። ከላይ ያልናቸው ሙዚቀኞች የሚሠሩበት መንገድም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እዚሁ አገራችን ውስጥም ብዙዎቻችን ያየነው ምሳሌ አለ። የኢየሩሳሌሙ የሻልቫ ባንድ ኦርኬስትራ ባይሆንም የተቋቋመው በዚሁ ሐሳብ ነው። በ2005 የመሠረተው ሻይ ቤን ሹሻን በውትድርና ላይ ቆስሎ ረጅም ሕክምና ያሳለፈ ሙዚቀኛ ነው። ባንዱ በ2019 ለዩሮቪዥን በሚደረገው ውድድር እስከ መጨረሻው ዙር ከደረሰ በኋላ፣ ልምምዱ ሰንበትን የሚያስጥስ ስለነበር ራሱን አገለለ። በዚያው ዓመት ግን ግንቦት 16 ቀን ቴል አቪቭ በተካሄደው ሁለተኛው የግማሽ ፍጻሜ ላይ በእንግድነት ተጫወተ። ሕዝቡ ያያቸው እንደ ሙዚቀኛ ነው፤ ስለ ሰንበታቸውም የሚወስኑ ሰዎች መሆናቸውን አየ።

ከ21 ዓመት በኋላስ?

በእስራኤል የልዩ ትምህርት ሕግ የሚሸፍነው እስከ 21 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ሪቫሃ ይተላለፋል። ሰው ቀን ቀን የሚውልበት ማዕከል ሊያገኝ ይችላል፤ ምሽቱና ቅዳሜው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ሐሳብ ይጨመርበታል። ሠርግ ሲሆን፣ ሲግድ ሲሆን፣ ልጁ ከአንድ ዘመድ ጋር ቤት እንዲቆይ ይደረጋል። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ሳይወዱት ቀርተው አይደለም፤ እንዳይሣቅበት ብለው ነው። ሆኖም ዓመታት ሲያልፉ ሰውየው ሰፈሩ የማያውቀው ሰው ይሆናል።

ሙዚቃ ውስንነቱን አያጠፋም፤ እንዲህ ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ካለ አትመኑት። ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚጠበቅበት ቦታ፣ «ዛሬ ለምን ቀረህ?» የሚለው ጓደኛ፣ የራሱ የሆነ ድርሻ ይሰጠዋል። እስራኤል በ2012 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 30 ይህን መብት ይለዋል። የሰውየው የጥበብ ችሎታ መዳበር ያለበት ለራሱ ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡንም ለማበልጸግ ነው ይላል። የምናጣው ነገር እንዳለ ሕጉም ያውቃል ማለት ነው።

እንዴት እናክብር?

ተማሪዎች ማኅበራችን በሚያዘጋጀው የሲግድ ምሽት ወይም የዓመት መዝጊያ እንዲህ ያሉ ሙዚቀኞችን ብናከብር ደስ ይለናል። ሦስት ነገሮች ግን እንዳይረሱ። አንደኛ፣ ሙዚቀኛው ብቻውን ሳይሆን ከተጫዋቾቹ ጋር ወደ መድረክ ይጠራ፤ የሁሉም ስም ይነበብ። ሁለተኛ፣ ንግግሩ ከንፈር የሚያስመጥጥ አይሁን፤ ምን እንደተጫወቱና ስንት ወር እንደተለማመዱ ይነገር። ሦስተኛ፣ ከአበባው ጋር የሚቀጥል ነገር ይሰጥ፤ የልምምድ ክፍል፣ የመሣሪያ መግዣ ወይም በየሳምንቱ የሚያግዝ ተማሪ።

ለቤተሰቦችም አንድ ነገር እንላለን። በአካባቢያችሁ ማትናስ ሄዳችሁ፣ ወይም ሪቫሃ የምታገኟችሁን የማኅበራዊ ሠራተኛ «ልጄ የሚገባበት የሙዚቃ ቡድን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ከተባላችሁ «ምን ያህል ቤተሰብ ቢጠይቅ ይከፈታል?» በሉ። በ1951 አኪምን ያቋቋሙት እንደ እናንተ ያሉ ወላጆች ናቸው። በአሽቀሎን የሜዲትራኒያንና የአንዳሉሲያ ሙዚቃ የሚጫወት ኦርኬስትራ አለ፤ በጎረቤታችን አሽዶድም በ1994 የተመሠረተው የአንዳሉሲያ ኦርኬስትራ አለ። ሙዚቀኛ በአቅራቢያችን አልጠፋም፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችን ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹ ነን። የቢቱዋህ ለኡሚን ደብዳቤ ለወላጆቻችን ስናነብና ስንተረጉም አድገናል። ይህን ጥያቄም በዕብራይስጥ ጽፎ ማስገባት የሚከብደው ቤተሰብ ካለ ወደ ማኅበራችን ይምጣ፤ አብረን እንጽፈዋለን።