ቀለም ለመቀባት የቤት ማሞቂያ ራዲያተር እንዴት ይነሣል?

ራዲያተር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በመኪና አፍንጫ በኩል ያለው ነው። የዚያ ተግባር ሞተር ማቀዝቀዝ ሲሆን፣ በብርድ አገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን ቤት ያሞቃል። በመሠረቱ እኮ ሁለቱም የሙቅ ውኃን ሙቀት ለአየር ያስረክባሉ። የሙቀትን መተላለፍ የምናስተምር እንደመሆናችን፣ ተማሪው «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ሲይዘን ከመጽሐፉ ሥዕል ያለፈ መልስ ሊኖረን ይገባል። ስለዚህ የእንግሊዝ አገርን ቤት ወስደን ራዲያተሩን በሐሳብ እንፍታው።

እዚያ በብዙ ቤቶች ቦይለር ያሞቀው ውኃ በፓምፕ እየተገፋ በአንድ ቧንቧ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፤ በሌላው ይመለሳል። ራዲያተሩ ከግድግዳው ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ፈቀቅ ስለሚል ብሩሽ እንደ ልብ አይገባም። ዙሪያውን ቀብቶ መተውም ያስነውራል፤ ከላይ አጮልቆ ላየ አሮጌው ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በመጀመሪያ ማሞቂያው ጠፍቶ ውኃው እስኪበርድ ይጠበቃል። ከዚያም በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ቫልቮች ይዘጋሉ። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የቤቱ ሰው ሙቀት የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ነው። ይህ በክፍሉ ሙቀት ራሱ የሚመራ ዓይነት ከሆነ፣ ብርድ ሲበረታ በራሱ ሊከፈት ስለሚችል የመዝጊያ ቆብ ይደረግለታል። ሁለተኛው፣ ክዳን የለበሰው፣ ውኃው ለየራዲያተሩ እንዲዳረስ ተመጥኖ የተተወ ነው። እሱ ባይኖር ለፓምፑ የቀረበው ራዲያተር ውኃውን ሁሉ ይሻማና የሩቁ ይበርዳል። ስለዚህ ሲዘጋ ስንት ዙር እንደዞረ ተቆጥሮ ይጻፋል፤ አንድ ዙር ተኩል ከሆነ ሲመለስም አንድ ዙር ተኩል ይከፈታል። ቁጥሩን ያልያዘ ሰው አንዱ ክፍል ሲግል ሌላው ሲቀዘቅዝበት ይከርማል።

ከሥር ጎድጓዳ ሳህንና አሮጌ ጨርቅ ተደርጎ ዳዶው በሁለት መፍቻ ይፈታል፤ አንዱ ቫልቩን ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያዞራል። በአንድ መፍቻ ብቻ የሚታገል ቧንቧውን ይጠመዝዘዋል። ዳዶው ሲላላ ውኃው ጠብ ጠብ ብቻ ሊል ይችላል። ከላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ስትከፈት ግን አየር ስለሚገባ ይወርዳል። ላይኛው አፉ በጣት የተደፈነ ቱቦ ውኃ ይዞ መቅረቱን በክፍል ውስጥ ያለ አንዳች ወጪ ልናሳይ እንችላለን፤ ነገሩ ያው ነው።

የሚወርደው ውኃ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። ብረቱ ከውኃው ጋር ሲዋሐድ የፈጠረው ማግኔታይት የተባለ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማግኔት ይስበዋል። ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ አለቀ! ስለሆነም ራዲያተሩ ለሁለት ተይዞ ሲነሣ አፎቹ በጨርቅ ይወተፋሉ።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ራዲያተሩ ተሰቅሎ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ፤ ቫልቮቹም ይከፈታሉ። የታፈነው አየር በማስወጫዋ እስኪያልቅ ይለቀቃል፤ አለበለዚያ ታችኛው ክፍል ሞቆ ላይኛው ይበርዳል። ዝግ በሆነው ሥርዓት ውስጥ የቀነሰው ውኃ ተሞልቶ፣ መለኪያው ውኃው ቀዝቃዛ ሳለ ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት። ዝገት የሚከላከለው ፈሳሽም ስለሚቀጥን ይጨመርበታል።

በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የተማሩ መምህራኖቻችን የሚያስታውሱት ግን ሌላ ነው። እዚያ በብዙ ፎቅ ቤቶች ሙቅ ውኃው ከከተማው ማሞቂያ ጣቢያ መጥቶ፣ በአንድ ቧንቧ ከፎቅ ፎቅ እየተቀባበለ ይዞር ነበር። መተላለፊያ ቧንቧና መዝጊያ በሌለበት ቤት አንዱ ተከራይ በክረምት ራዲያተሩን ለማንሣት ቢሻ፣ የላይና የታች ጎረቤቶቹ ሁሉ በብርድ መቆየታቸው ነው።