ሐይቅ ያቆያቸው አይሮፕላኖች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ካሠራቸው አይሮፕላኖች ውስጥ ሥራቸውን ፈጽመው በደኅና ወደ ማረፊያቸው የተመለሱት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ጦርነቱ ሲያበቃ ተቆራርጠው ወደ ማቅለጫ ገብተዋል። ጀማሪ አብራሪዎች ማሳረፍ አቅቷቸው ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ከጣሏቸው መካከል ግን ተርፈው በየሙዚየሙ የሚጎበኙ አሉ።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን እናስረዳ። በ1942 ዓ.ም. (የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሕር ኃይሉ በመርከብ ላይ ማረፍ የሚችሉ አብራሪዎች በብዛት ያስፈልጉት ነበር። በውቅያኖስ ላይ እንዳያስተምር የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ያሰጋዋል፤ ያሉት መርከቦችም ለውጊያ ይፈለጋሉ። ስለዚህ በሐይቆቹ ላይ መንገደኛ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ በድንጋይ ከሰል ኃይል በጎናቸው ባለው መንኰራኵር ውሃውን እየቀዘፉ የሚሄዱ ሁለት መርከቦች ወሰደ። ፎቃቸውን አፍርሶ ጠፍጣፋ ማረፊያ ሠራባቸው፤ ስማቸውንም ወልቨሪንና ሴብል ብሎ በቺካጎ አቆማቸው። መድፍ የላቸው፣ የአይሮፕላን መጋዘን የላቸው። ቢሆንም ወደ 17,000 የሚሆኑ አብራሪዎች ተፈትነውባቸዋል፤ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽም ከነዚሁ አንዱ ነበሩ።

ርዝመቱ ከ170 ሜትር በማይበልጥ፣ ያውም በሚንቀሳቀስ ሜዳ ላይ ማረፍ ለተማሪ ቀላል አይደለም። መርከቦቹ ዝግ ያሉ ስለ ነበሩም ነፋስ በጠፋ ቀን ከባዱን አይሮፕላን ማሳረፍ አይቻልም ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ100 በላይ አይሮፕላን ሰጠመ። ደግነቱ አብዛኞቹ አብራሪዎች በሕይወት ወጥተዋል።

ጨው የሌለው ቀዝቃዛ ውሃ አይሮፕላንን እንደ ባሕር ውሃ ፈጥኖ አይበላውም። ከ50 ዓመት በኋላ ሲወጡ ቀለማቸው ያልለቀቀ፣ ቁጥራቸው የሚነበብ፣ ጎማቸው እንኳ አየር እንደ ያዘ የተገኙ አሉ። ሶናር የተባለው መሣሪያ በድምፅ ሞገድ የሐይቁን ወለል አስሶ ቦታውን ያመለክታል፤ ጠላቂዎች ወርደው ያስሩታል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ተብሎ ተነሥቶ ወደ ወደብ ይጎተትና በክሬን ይወጣል። ዋናው ጭንቀት ግን የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ውሃ ውስጥ ጸጥ ብሎ የኖረው አሉሚኒየም አየር ሲያገኝ መበላቱ ይፋጠናልና፣ ወዲያው ካልታጠበና ካልታከመ ሐይቁ ያቆየውን የብስ ያጠፋዋል።

አሁን ደግሞ ሐይቁም የድሮው ሐይቅ አይደለም። ኳጋ የምትባል ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት ከጥቁር ባሕር አካባቢ፣ መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሆዳቸው በሚይዙት ውሃ ተጭና ገባች። ውሃውን እያጣራች ስለምትመገብ ሐይቁን አጥርታዋለች፤ ጠላቂው ድሮ ያላየውን ዛሬ ያያል። ነገር ግን የሚያየው በዛጎል የተሸፈነ ክምር ነው። ዛጎሉ ቀለሙን ይልጣል፤ የብረቱንም መበላት ያፋጥናል።

የአይሮፕላኖቹ ባለቤት ባሕር ኃይሉ ስለ ሆነ ያለ እርሱ ፈቃድ ማንም አይነካቸውም። ከሊቃውንቱም ወገን ባሉበት ይቆዩ የሚሉ አሉ። አብራሪው አብሮ የቀረበት ከሆነ እኛም እንስማማለን፤ መቃብር ነውና። ባዶውን ለዛጎል መተው ግን አይታየንም።

እንዲህ የሚያሰኘን ቁጥሩ 2106 የሆነው ዶንትለስ የተባለው ቦምብ ጣይ ነው። ሰኔ 4 ቀን 1942 ዓ.ም. በሚድዌይ ጦርነት 16 ዶንትለሶች ሂርዩ የተባለችውን የጃፓን አይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ለመምታት ተነሡ። ግማሾቹ አልተመለሱም። ዳንኤል አይቨርሰን የሚያበረው 2106 ከ200 በላይ ቦታ ተበሳስቶ፣ ተኳሹ ቆስሎ፣ በአንድ እግሩ አረፈ። ተጠግኖም ለማስተማሪያ ወደ ቺካጎ ተላከ። ሰኔ 11 ቀን 1943 ዓ.ም. አንድ ተማሪ ሴብል ላይ ሊያሳርፈው ሲሞክር ሐይቅ ውስጥ ጣለው፤ ልጁ ግን ተረፈ። በ1994 ዓ.ም. ወጥቶ ፍሎሪዳ ውስጥ በፔንሳኮላ ለሚገኘው የባሕር ኃይል አቪዬሽን ሙዚየም ታደሰ። ከውሃው ሲወጣ፣ በሚድዌይ በተበሳው ገላው ላይ የተለጠፉት መጣፊያዎች እንዳሉ ነበሩ።