የቤተ ጊዮርጊስ ቀይ በየትኛው ስክሪን?

ላሊበላን በስልክ ያየ ሰው ድንጋዩ ቀይ ነው ይላል። ሄዶ ያየው ግን በአንድ ቃል አይገላገልም፤ ጠዋት ሮዝማ፣ ቀትር ላይ የነጣ ቡኒ፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ የጠቆረ ወይን ጠጅ ሆኖ አግኝቶታል። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በዲጂታል ብሩሽ ሊሥል የተቀመጠ ሠዓሊ ሌላም ጣጣ አለበት፦ ያንኑ ፋይል ላፕቶፑ አንድ ዓይነት፣ የደንበኛው ስልክ ሌላ ዓይነት፣ ማተሚያ ቤቱ ጭራሽ የማይገናኝ አድርጎ ያወጣዋል። ሲመረው ሞኒተር ልግዛ ብሎ ይነሣል፤ ሻጩም «ይሄ መቶ ፐርሰንት አዶቢ አርጂቢ ነው» እያለ ውዱን ያሳየዋል።

እኔ ለላሊበላ ድንጋይ ይህ ቁጥር መጨረሻ መታየት ያለበት ነው ባይ ነኝ።

ስክሪን ቀለም የሚሠራው በሦስት ብርሃን ነው፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ። ስለዚህ ከሸራ ይልቅ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ለሠሩት ባለቀለም መስታወት ይቀርባል፤ ቀለሙ ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ሰንጥቆት ሲያልፍ እንጂ ከላዩ ሲነጥር አይደለም። የሰው ዓይን የሚለያቸው ቀለሞች እ.ኤ.አ. በ1931 በአንድ ካርታ ላይ ሰፍረዋል። የአንድ ስክሪን ሦስት ብርሃኖች በዚያ ካርታ ላይ ሦስት ነጥብ ይሆናሉ፤ ስክሪኑ ማሳየት የሚችለው በነጥቦቹ መካከል ያለውን ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው። ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ኤስአርጂቢ የሚባለው ሦስት ማዕዘን ከካርታው 35 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው አዶቢ አርጂቢ ግማሹን ያህል ይይዛል፤ ብልጫው ያለው ግን በአብዛኛው በአረንጓዴውና በውሃ ሰማያዊው በኩል ነው።

የላሊበላ ድንጋይ እዚያ አካባቢ የለም። እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ውስጡ ያለው ብረት አየርና ውሃ አግኝቶ የዛገ አለት ነው፤ ቀይነቱም የዝገት ቀይነት ነው፤ ደብዛዛ፣ ግራጫ የተቀላቀለበት። በኤስአርጂቢ ቁጥር ሲጻፍ ለምሳሌ ቀይ 150፣ አረንጓዴ 95፣ ሰማያዊ 80 የመሰለ ነገር ይሆናል። ንጹሑ የስክሪን ቀይ 255፣ 0፣ 0 መሆኑን ላስተዋለ ሰው ይህ ቀለም ከሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ ርቆ መሐል ላይ እንደተቀመጠ ግልጽ ነው። በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያና ግድግዳ ላይ የበቀለው ቢጫማ የድንጋይ ሽበትም ቢሆን ያው ነው። ሦስት ማዕዘኑን ወደ ውጭ መለጠጥ መሐል ለተቀመጠ ቀለም ምንም አይጨምርለትም።

እንዲያውም ሊያበላሸው ይችላል። ለኤስአርጂቢ የተሠራ ሥዕል፣ ቀለም ማስተዳደር በማያውቅ ፕሮግራም፣ በሰፊው ስክሪን ላይ ሲከፈት ቁጥሩ ሳይለወጥ ብርሃኑ ይለወጣል፤ ድንጋዩ ከምድጃ የወጣ ጡብ ይመስላል። ሠዓሊው «በዛ» ብሎ ቀይነቱን ይቀንሳል። ደንበኛው በስልኩ ሲከፍተው አመድ ይሆንበታል። ይህን ለማስቀረት ስክሪኑ አስተማማኝ የኤስአርጂቢ ሞድ ሊኖረው፣ የሚሠራበትም ፕሮግራም እንደ ፎቶሾፕ ወይም በነጻ እንደሚገኘው ክሪታ የቀለም ፕሮፋይል የሚያነብ ሊሆን ይገባል። ሰፊው ስክሪን ዋጋውን የሚያወጣው ለሌላ ሥራ ነው፤ ለደማቅ የጥለት ክር፣ ለአደይ አበባ ቢጫ፣ በጥምቀት ለሚዘረጉት የታቦት ጃንጥላዎች።

ታዲያ መጀመሪያ ምን ይታይ? ግራጫው። ዝገት ቀለም ከግራጫ አጠገብ ስለሚኖር ስክሪኑ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ካዘነበለ መጀመሪያ የሚከዳው እሱን ነው፤ ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ አረንጓዴው ከ95 ወደ 88 ቢወርድ ድንጋዩ ሮዝ መስሎ ቁጭ ይላል። የዚህ ስሕተት መለኪያ ዴልታ ኢ ይባላል። 1 አካባቢ ሲሆን ዓይን ልዩነቱን ለመያዝ ይቸገራል፤ ከ2 በታች ለሥዕል ሥራ መልካም ነው። ፋብሪካው ከካርቶኑ ጋር በሚልከው ወረቀት ላይ አማካዩ ብቻ በትልቁ ይጻፋል፤ እኔ ግን ዓይኔን የምጥለው ከፍተኛው ስሕተት ላይና በግራጫዎቹ ረድፍ ላይ ነው።

ነጩም እንደዚሁ። የገና ሌሊት ሲነጋ በላሊበላ ቤተ ማርያም ጠርዝ ላይ ቤዛ ኩሉ የሚባለውን ዝማሬ የሚወርቡትን ካህናትና ከታች የሞላውን ባለ ነጠላ ምእመን የሚሥል ሰው በነጭ ባሕር ውስጥ ነው የሚዋኘው። ያ ነጭ ፀሐይ ላይ ሞቅ ያለ፣ ጥላ ውስጥ ደግሞ ሰማዩን ጠጥቶ ሰማያዊ የቀላቀለ ነው። ብዙ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ነጫቸው ራሱ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ዓይን በደቂቃዎች ውስጥ ይለምደውና ሠዓሊው ሳያውቅ ሥዕሉን ያሞቀዋል። መስፈርቱ ዲ65 የሚባለው፣ 6500 ኬልቪን ገደማ የሆነው ነጭ ነው።

ከቀለሙ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ጨለማው ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ዋሻ ውስጥ ነው፤ የቤተ ማርያምም የጣሪያ ሥዕሎች የሚታዩት በጥቂት ብርሃን ነው። እዚያ ሥዕሉ ከጥቁር እስከ ጥቁር ቡኒ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ይኖራል። ቲኤን የሚባለው ርካሹ ፓነል ራስ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ቀለሙ ስለሚገለባበጥ ከወዲሁ ይተው። ቪኤ ጥልቅ ጥቁር አለው፤ ከጎን ሲያዩት ግን የጨለማው ደረጃዎች ይንሸራተታሉ። አይፒኤስ ከየትኛውም ማዕዘን ይታመናል፤ ጥቁሩ ግን ወደ ግራጫ ያደላል፤ የተለመደው ንጽጽሩ 1000 ለ 1 አካባቢ ነው፤ በጨለማ ክፍልም ማዕዘኖቹ ያበራሉ። ኦሌድ ጥቁሩ ፍጹም ነው፤ በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የማይንቀሳቀስ የፕሮግራም ሜኑ ምልክቱን ሊተውበት ይችላል። አቅሙ መካከለኛ ለሆነ ሠዓሊ እኔ አይፒኤስ እመርጣለሁ። በአንድ ቀለም 256 ደረጃ ያለው ባለ 8 ቢት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ባለ 10 ቢት 1024 ደረጃ ስላለው የዋሻውን ጥላ ሳይሸነሽን ያለሰልሰዋል።

እዚህ ላይ ስክሪን የማይፈታው ነገር አለ፤ ከፎቶ ለሚሥል ሰው ስሕተቱ ከካሜራው ሊጀምር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ከአንዳንዶቹ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በላይ ነጭ ጣሪያዎች ተዘርግተዋል፤ ከሥራቸው ያለው ብርሃን የተጣራና ለስላሳ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ግን ከነጉድጓዱ ለሰማይ ክፍት ነው። በአንድ ቀን በሁለቱ ቦታ የተነሣ ፎቶ የተለያየ አገር ድንጋይ ሊመስል ይችላል። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውና 24 ቀለም ያለው የማነጻጸሪያ ካርድ ነው፤ አንድ ፎቶ ከካርዱ ጋር ማንሣት በኋላ ሰዓታት ያድናል። የቀለም መረጃ አንዴ ካመለጠ አይመለስም፦ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከጥፋት አድኗል፤ ፊልሙ ግን በዋናነት ጥቁርና ነጭ ስለነበር የሐረጉ ቀይና ቢጫ ከእሱ አይነበብም።

ወደ ገበያው ስንመለስ፣ ገንዘቡ ውስን ከሆነ ከውድ ሞኒተር በፊት መጠነኛ አይፒኤስ ከካሊብሬተር ጋር ይገዛ እላለሁ። ካሊብሬተር ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ ብርሃኑን የሚለካ፣ ስሕተቱንም የሚያርም ፕሮፋይል የሚያስጽፍ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ስፓይደርና ካሊብራይት የታወቁት ናቸው። ስክሪን እያረጀ ስለሚንሸራተት ልኬቱ በየወሩ ይደገማል፤ ይህም ማለት አንዱ መሣሪያ ተዋጥተው ለገዙት ለብዙ ሠዓሊዎች ይበቃል። ከመለካት በፊት ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዩፒኤስ የሚያስፈልገው አንዱ ለዚህ ነው፤ በየመቋረጡ የሚነሣ ስክሪን ቀኑን በሙቀቱ ላይ ሳይረጋ ይውላል።

አዲስ አበባ ያገለገለ ሞኒተር የሚፈልግ ሰው ሱቁ ውስጥ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና አለ። 128፣ 128፣ 128 የሆነ ግራጫ ብቻ የያዘ ምስል በፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ ስክሪኑን ይሙላበት። ማዕዘኖቹ ቢጫ ወይም ሮዝ ከመሰሉ፣ መሐሉ ከዳር ከበራ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢጥም ይለፈው፤ ካሊብሬተር መሐሉን እንጂ ዳሩን አያክምም።

ክፍሉም የመሣሪያው አካል ነው። ብዙ ቤት የሚቀባው ውሃ አረንጓዴ ግድግዳ ለዓይን ደስ ይላል፤ ለሠዓሊ ግን ቀዩን ያጋንንበታል። ከስክሪኑ ኋላ ያለው ግድግዳ ግራጫ ወይም ደብዘዝ ያለ ነጭ ቢሆን፣ መስኮቱ ከጎን ቢውል፣ የስልኩም የስክሪኑም የሌሊት ሞድ ቢጠፋ ጥሩ ነው። ድምቀቱ ከ80 እስከ 120 ኒትስ ይበቃል፤ ከካርቶን እንደወጣ 300 አካባቢ ላይ ከተተወ ሥዕሉ ሲታተም ጨልሞ ይመጣል፤ ማተሚያ ቤቱም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ማተሚያ ቤቱ የወረቀቱንና የቀለሙን ፕሮፋይል ከሰጠ ሕትመቱን አስቀድሞ በስክሪን ላይ ማየት ይቻላል። ካልሰጠ ደግሞ ከሥዕሉ አንድ ቁራጭ ድንጋይና አንድ ቁራጭ ነጠላ ተወስዶ፣ በሦስት የድምቀት ደረጃ፣ በዚያው ወረቀት በትንሹ ይታተምና በቀን ከደጅ፣ ከጥላ ሥር ታይቶ አንዱ ይመረጥ።