ንጹሕ ያልሆነ ጨው ሲግል

የክረምቱ እርሻ ሲቃረብ ወደ ሊሙ ገነት ብቅ ያለ ሰው የማዳበሪያ ጆንያ በመጋዘን ተደርድሮ ያገኛል። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰውን ዘገን አድርገን ብንመለከተው፣ ዩሪያ ነጭ ሲሆን ለረጅም ዘመን የምናውቀው ዳፕ ግን ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር ያደላ ነው። በቤተ ሙከራ ያለው ንጹሕ ዳይአሞኒየም ፎስፌት እንደ ዩሪያ ነጭ ነው። በስሌት ከመቶ 21.2 ናይትሮጂንና 53.7 ፎስፌት ሊኖረው ይገባል፤ ጆንያው ላይ የሚነበበው ግን 18 እና 46 ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው ከፎስፌት ድንጋዩ ጋር የመጣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና ሌላም ባዕድ ነገር ነው። በዳፕ ውስጥ ይህ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ፍሬው እንዲጠነክር ይረዳል።

ባዕድ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ገር አይደለም። ይህን በግልጽ የሚያሳየን በአገራችን ለገበሬው በብዛት ከሚከፋፈሉት ማዳበሪያዎች ውስጥ የሌለው አሞኒየም ናይትሬት ነው። ንጹሑ ጨው በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ 200 ዲግሪን ሲያልፍ መፈራረሱ ይፋጠናል። ቡና የሚቆላበት ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጨው መጀመሪያ ወደ አሞኒያና ናይትሪክ አሲድ ሲለያይ ሙቀት ይመጥጣል፣ ስለዚህ ራሱን በራሱ ይገታል። ወደ ናይትረስ ኦክሳይድና ውሃ ሲለወጥ ግን ሙቀት ይለቃል።

ከዚህ ላይ ጥቂት ክሎራይድ ይጨመርበት፤ ከምግብ ጨው የሚገኘው ዓይነት ማለታችን ነው። ከመቶ አንድ የማይሞላ መጠን ይበቃል። ጨው ለጊዜው ምንም ያልሆነ መስሎ ይቆይና አሲድ ሲጠራቀምበት በድንገት ይፋጠናል። መዳብም እንዲሁ ያደርጋል። በአንጻሩ በጅማ ዙሪያ አሲዳማ አፈር ለማከም የሚበተነው የኖራ ድንጋይ ዱቄት አሲዱን ስለሚበላው ጨውን ያረጋጋዋል። አንዱ ባዕድ ሲያፈርስ ሌላው ይጠብቃል ማለት ነው።

ጥቂት ነገር ይህን ያህል እንዴት ይሠራል? አንድ ለውጥ እንዲጀመር ሞለኪውሎቹ ሊሻገሩት የሚገባ የጉልበት ኮረብታ አለ። ባዕዱ ነገር ኮረብታውን ሳይወጣ የሚያሳልፍ አቋራጭ ይከፍታል። ኮረብታው በአንድ ሞል 20 ኪሎ ጁል ብቻ ዝቅ ቢል፣ በ450 ኬልቪን የለውጡ ፍጥነት 200 እጥፍ ገደማ ያድጋል። የአርሄኒየስን ቀመር የተማሩ አንባቢዎቻችን ስሌቱን ራሳቸው ይሞክሩት።

ክምሩም የራሱ ድርሻ አለው። የክምር ጎኖች በእጥፍ ሲያድጉ ሙቀት የሚያመነጨው ይዘት 8 እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀት የሚወጣበት ገጽ ግን 4 እጥፍ ብቻ ነው። በብልቃጥ ውስጥ የተረጋጋ ጨው በመርከብ ሆድ ውስጥ ላይረጋጋ ይችላል። በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ በአንድ መርከብ ላይ የነበረው አሞኒየም ናይትሬት እንዳይጋገር በሰም መሰል ነገር የተቀባ ነበር። ቅባቱም የታሸገበት ወረቀትም ነዳጅ ናቸው። እሳት ሲነሳ ጭነቱን ከውሃ ለማዳን ክዳኑ ተዘግቶ እንፋሎት ተለቀቀበት፤ ሙቀቱ መውጫ አጣ። መርከቡ ፈንድቶ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በርካታ ወገኖቻችን በሚሠሩባት ቤይሩትም ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ለዓመታት በወደብ መጋዘን የቆየ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት የእሳት ቃጠሎ ደርሶበት ፈንድቷል፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጥተዋል።

የሊሙ ገነት ገበሬ በዩሪያው እንዲህ ያለ ፍርሃት አያድርበት። በዩሪያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባዕዱን ነገር የሚወልደው ሙቀቱ ራሱ ነው። ዩሪያ በ133 ዲግሪ ይቀልጣል። በፋብሪካ ቀልጦ ሲቆይ ሁለት ሞለኪውሎች አንድ አሞኒያ ጥለው ይጣመሩና ባይዩሬት ይሆናሉ። ቡና ደግሞ ባይዩሬትን ከማይችሉ ተክሎች አንዱ ነው፤ በቅጠሉ ሲጠራቀም የፕሮቲን ሥራውን ያውክበታል፣ የቅጠሉ ጫፍም ቢጫ ይሆናል። አፈር ላይ ለሚበተን ዩሪያ ከመቶ 1 ገደማ ባይዩሬት አብዛኛውን ጊዜ አያሳስብም። በውሃ ተበጥብጦ በቡና ቅጠል ላይ ለሚረጭ ግን ከመቶ 0.25 እንዳያልፍ ይመከራል። ሁለቱም ያው ነጭ ፍሬ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም።